ከስሞታ ወደ ንስሓ፦ «የጠፋው ልጅ» ወደ ሮክ አልበም የገባበት ታሪክ



ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ የሮክ ባንድ ዘፈን ነው። «የወንጌል አገልጋይን ከሮክ ዘፈን ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አብራችሁን ብትቆዩ፣ ዘፈኑ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ስታዩ ለምን እንዳነሣነው ይገባችኋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዲሴምበር 1968 ሮሊንግ ስቶንስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ «ቤገርስ ባንኬት» የሚል አልበም አወጣ። ትርጉሙ «የለማኞች ግብዣ» ማለት ነው። ባንዱ ከአንድ ዓመት በፊት ያወጣው አልበም የሰይጣንን ስም በርዕሱ የያዘ ነበር። በአዲሱ አልበም የመጀመሪያው ዘፈን ደግሞ ዲያብሎስ ራሱ እንደ ጨዋ ሰው ቆሞ በታሪክ ውስጥ የሠራውን ክፋት ሲተርክ የሚያሰማ ነው። በዘመኑ የነበሩ ክርስቲያን ወላጆች ይህን አልበም ከልጆቻቸው እጅ ለመንጠቅ ቢሮጡ የሚያስገርም አይሆንም።

ይሁን እንጂ ሸክላው ተገልብጦ በሁለተኛው ገጽ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሲደረስ ጩኸቱ ይቆማል። አንድ ተራ የእንጨት ጊታር፣ አንድ የአፍ ሃርሞኒካና ቀለል ያለ ከበሮ ይሰማሉ። ዘፋኙም ከአባቱ ቤት ወጥቶ ስለ ሄደ፣ በራብ ስለ ተጎዳና ከእሪያዎች ጋር ስለ ዋለ፣ በመጨረሻም ስለ ተመለሰ ልጅ ይተርካል። የዘፈኑ ስም «ፕሮዲጋል ሰን» ነው። ታሪኩም ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ከቁጥር 11 ጀምሮ ያስተማረው ምሳሌ ነው።

ከዲያብሎስ አንደበት በተጀመረ አልበም ውስጥ የጌታ ምሳሌ እንዴት ገባ? መልሱን ለማግኘት ከለንደን ተነሥተን ውቅያኖሱን መሻገርና ወደ ኋላ አርባ ዓመት ያህል መመለስ አለብን።

የጥጥ አገር እንጉርጉሮ

ሮበርት ዊልኪንስ በጃንዋሪ 1896 በአሜሪካ በሚሲሲፒ ግዛት ሄርናንዶ በምትባል ከተማ ተወለደ። ከተማዋ በቴነሲ ግዛት ካለችው ከሜምፊስ በስተደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። አካባቢው የጥጥ አገር ነበር። ባርነት በሕግ ከተሻረ ሠላሳ ዓመት ቢያልፍም፣ የባሪያዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች በአብዛኛው የሚያርሱት የሰው መሬት ነበር። በእኛ አገር ጢሰኛ ይባል የነበረውን ሰው ኑሮ የሚያውቅ የእነርሱንም ኑሮ መገመት አያቅተውም። ባለ መሬቱ ዘርና ቀለብ ያበድራል፤ በመከር ጊዜ ምርቱን ይካፈላል፤ ሒሳቡ ሲዘጋ አራሹ ብዙ ጊዜ ከዕዳ አይወጣም።

ብሉዝ የሚባለው ሙዚቃ ከዚህ ሕይወት ውስጥ ወጣ። ለጆሯችን በሚቀርብ ቃል እንጉርጉሮ ልንለው እንችላለን። ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ከአንድ ጊታር ጋር ይቀመጣል፤ አውራ ጣቱ በወፍራሙ ክር ላይ ምቱን ይጠብቃል፤ ሌሎቹ ጣቶች በቀጭኑ ክር ዜማውን ያስከትላሉ። ግጥሙ ስለ ማጣት፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ከዳች ሴት፣ ስለ እስር ቤትና ስለ ባቡር ነው። የሚዘፈነውም ቅዳሜ ማታ ሰዎች በሚጠጡበትና በሚጨፍሩበት ቤት ነበር። እሑድ ጠዋት ደግሞ ሌላ ሕዝብ፣ አንዳንዴም ያው ሕዝብ፣ በቤተ ክርስቲያን ይሰበሰባል። በዚያ ዘመን ብዙ ምእመናን ብሉዝን የዲያብሎስ ሙዚቃ ይሉት ነበር። በቅዳሜ ማታና በእሑድ ጠዋት መካከል ያለው ግድግዳ ከፍ ያለ ነበር።

ወጣቱ ዊልኪንስ ወደ ሜምፊስ መጥቶ በጊታር ተጫዋችነቱ ታወቀ። በ1928 የመጀመሪያውን ሸክላ ሲቀዳ የዘፈኑ ስም «ሮሊንግ ስቶን» ማለትም «ተንከባላይ ድንጋይ» ነበር። ስሙ የሚያሳስበን ሥር ያልሰደደ፣ ቤት የሌለው፣ ከቦታ ወደ ቦታ የሚንከባለልን ሰው ነው። የእንግሊዙ ባንድ ስሙን የወሰደው ከዚህ ዘፈን ሳይሆን መዲ ዋተርስ የተባለ ሌላ የብሉዝ ሰው በ1950 ካወጣው ዘፈን ነው። ቢሆንም የሁለቱ ስም መገጣጠሙ ይገርማል።

የ1929ኙ ስሞታ

በ1929 ዊልኪንስ በሜምፊስ ሌላ ዘፈን ቀዳ። የርዕሱ ሐሳብ ወደ አማርኛ ሲመጣ «እንዲህ ተሁኖ አይኖርም» እንደ ማለት ነው። በዚህ ዘፈን ውስጥ አንድ ሰው ከቤቱ ርቆ ተጎድቷል። ወደ እናቱ ቤት ሊመለስ ቆርጧል። ሲደርስ ቁጭ ብሎ ሊነግራት ያሰበው ሴቶች እንዴት እንደ በደሉትና እንዴት እንዳስለቀሱት ነው። በየስንኙ መጨረሻ ያንኑ ሐረግ ይደጋግማል፤ ይህ ለእኔ አኗኗር አይደለም ይላል።

ወገኖች፣ እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። ይህን ዘፈን ከሉቃስ 15 ጎን ስናስቀምጠው ምን እናያለን? ከቤት የራቀ ልጅ አለ። ጉዳት አለ። የቤት ናፍቆት አለ። ልጁን የሚሰማ ወላጅ አለ። መነሣትና መመለስም አለ። የምሳሌው ዕቃ ሁሉ በዚህ ዘፈን ውስጥ ተቀምጧል ማለት ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ይጎድላል፤ እርሱም የልጁ በደል ነው።

የ1929ኙ ልጅ ወደ ቤት የሚሄደው ሌሎችን ለመክሰስ ነው። በሉቃስ ወንጌል ያለው ልጅ ግን ወደ ቤቱ የተነሣው ራሱን ለመክሰስ ነው። በእሪያዎቹ መካከል ተቀምጦ ወደ ልቡ በተመለሰ ጊዜ፣ ገንዘቡን አብረውት የበሉትን ወዳጆች አልቆጠረም። ራብ ያመጣውን አገር አልወቀሰም። እሪያ ጠባቂ ያደረገውን ጌታም አላማረረም። ሊናገር ያሰበው በሰማይና በአባቱ ፊት መበደሉንና ልጅ ተብሎ ለመጠራት እንደማይገባው ነው። ስሞታና ንስሓ በአንድ መንገድ ላይ ሊሄዱ፣ ወደ አንድ ቤት ሊያመሩ፣ አንድ ዓይነት እንባም ሊያነቡ ይችላሉ። የሚለያዩት በሩ ጋ ሲደርሱ በሚናገሩት ቃል ነው።

ጊታሩን የተቀበለች ቤተ ክርስቲያን

ዊልኪንስ ለጥቂት ዓመታት በዚያው ሥራ ቆየ፤ በ1935ም ሸክላ ቀድቷል። በ1936 ግን ዕድሜው አርባ ሲሆን ብሉዝን ተወ። በሚጫወትባቸው ድግሶች ላይ ይነሣ የነበረው ጠብና ግፍ ልቡን እንዳወከው ይነገራል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ በኋላም ተሹሞ አገልጋይ ሆነ። ስለዚህ እኛም ከዚህ ወዲያ «ቄስ ዊልኪንስ» ብለን በአንቱታ እንጥራቸው።

የገቡባት ቤተ ክርስቲያን የትኛዋ እንደ ሆነች ማወቅ ለታሪኩ ትልቅ ጥቅም አለው። «ቸርች ኦፍ ጎድ ኢን ክራይስት» ትባላለች። መሥራቿ ቻርልስ ሜሰን በ1907 በሎስ አንጀለስ ወደ አዙሳ ጎዳና መነቃቃት ሄደው የመንፈስ ቅዱስን ጥምቀት ተቀብለው ተመለሱ፤ ከዚያም ይህች ቤተ ክርስቲያን ጴንጤቆስጤያዊት ሆነች። ዋና መሥሪያ ቤቷም ሜምፊስ ነው።

በዚያ ዘመን ሌሎች ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጊታርንና ከበሮን ከመጠጥ ቤት ጋር እያያያዙ ከአምልኮ ሲያርቁ፣ የሜሰን ቤተ ክርስቲያን ግን በመዝሙር 150 እንደ ተዘረዘሩት መሣሪያዎች ሁሉ እግዚአብሔርን ለማመስገን ይሁኑ ብላ ተቀበለቻቸው። በጊታሯ የታወቀችው ዘማሪት ሮዜታ ታርፕም ያደገችው በዚችው ቤተ ክርስቲያን ነው። እንግዲህ ሮበርት ዊልኪንስ ወደ ቤት ሲመለሱ ጊታራቸውን ደጅ ላይ ጥለው እንዲገቡ አልተጠየቁም። ሰውየው ከነጣቶቻቸው ገቡ። ቤተ ክርስቲያኒቱ የጠየቀቻቸው ጣቶቹ ለማን እንደሚያገለግሉ ነው።

ይህ የሁሉም ዕጣ አልነበረም። ሰን ሃውስ የተባለው የሚሲሲፒ ሰው ከዘፋኝነቱ በፊት ሰባኪ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ በስብከትና በብሉዝ መካከል ሲመላለስ ኖረ። ቶማስ ዶርሲ ደግሞ የታወቀ የብሉዝ ፒያኖ ተጫዋች ነበር፤ በ1932 ሚስቱና አዲስ የተወለደ ልጁ ከሞቱበት በኋላ በጻፈው መዝሙር ዓለም እስከ ዛሬ ይጽናናል። ሁሉም በዚያ ከፍ ባለ ግድግዳ ሥር ያለፉ ሰዎች ናቸው። የቄስ ዊልኪንስን ታሪክ ልዩ የሚያደርገው ግን አንዱን የገዛ ዘፈናቸውን ይዘው ግድግዳውን መሻገራቸው ነው።

የተገለበጠው ቃል

ቄስ ዊልኪንስ ብሉዝ መዝፈን ቢያቆሙም የ1929ኙን ዜማ አልጣሉትም። የጊታሩን አመታት እንዳለ ይዘው ግጥሙን ለወጡ። በእናትየው ፋንታ አባት ገባ። በክፉ ሴቶች ላይ በሚቀርበው ክስ ፋንታ የገዛ ድርሻውን ይዞ የወጣው ልጅ ታሪክ ገባ። እያንዳንዱ ስንኝ ሉቃስ 15ን እየተከተለ ይሄዳል፤ መውጣቱ፣ ገንዘቡን መጨረሱ፣ ራቡ፣ እሪያዎቹ፣ ወደ ልቡ መመለሱ፣ የአባትየው መሮጥ፣ የሰባው ፍሪዳ።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው የመደጋገሚያው ሐረግ ነው። ቀድሞ «አይሆንም» ይል የነበረው ማሰሪያ አሁን ወደ «ይሆናል» ተገለበጠ። ቀድሞ የማይኖርበትን ኑሮ የሚያማርር ነበር፤ አሁን የሚኖርበትን መንገድ የሚያመለክት ሆነ። በአንድ ዜማ ላይ፣ በአንድ ሰው ጣት፣ የአሉታው ቃል ወጥቶ የአዎንታው ቃል ተተካ። ስለ ንስሓ ብዙ የሥነ መለኮት መጻሕፍት ተጽፈዋል። ይህ ዘፈን ግን ነገሩን በአንድ ሐረግ አሳየ፤ ሰውየው ያው ነው፣ ድምፁም ያው ነው፣ የሚናገረው ግን ሌላ ነው።

በእንግሊዝኛ ይህ ምሳሌ «ፕሮዲጋል» በሚል ቃል ይጠራል፤ ትርጉሙ አባካኝ ማለት ነው። የእኛ ሰው ግን «የጠፋው ልጅ» ማለትን መርጧል። የመጀመሪያው ስም ልጁ ያጠፋውን ገንዘብ ይቆጥራል። ሁለተኛው አባትየው ያጣውን ልጅ ይቆጥራል። አባትየው በግብዣው ላይ የተናገረው ስለ ገንዘቡ ሳይሆን ጠፍቶ ስለ ተገኘው ልጁ ነውና፣ የእኛ አጠራር ለአባትየው ልብ የቀረበ ይመስለናል።

ከሜምፊስ ወደ ለንደን

ከ1936 በኋላ ለብዙ ዓመታት የሸክላ ኩባንያዎች ቄስ ዊልኪንስን ረሷቸው። እርሳቸውም በሜምፊስ በአገልግሎታቸው፣ እንዲሁም በዕፅዋት መድኃኒት በመቀመም ኖሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግን በአሜሪካ ወጣቶች ዘንድ የድሮ ሸክላዎች ፍቅር ተነሣ። ሰብሳቢዎች በአሮጌ ሸክላ ላይ ስማቸውን ብቻ የሚያውቋቸውን ዘፋኞች ፍለጋ ወደ ደቡብ ይጓዙ ጀመር። በ1963 ሚሲሲፒ ጆን ኸርት ተገኘ፤ በ1964 ስኪፕ ጄምስና ሰን ሃውስ ተገኙ። በዚያው ዓመት ቄስ ዊልኪንስም ተገኙ። ዕድሜያቸው 68 ነበር።

ፈላጊዎቹ የናፈቁት የ1920ዎቹን ብሉዝ ነበር። ቄስ ዊልኪንስ ግን ወደዚያ አልተመለሱም። በ1964 የቀዱት አልበም ርዕሱ ራሱ «የሜምፊሱ የወንጌል ዘማሪ» የሚል ነው። «ፕሮዲጋል ሰን» በዚህ አልበም ላይ ወደ አሥር ደቂቃ የሚጠጋ ረጅም መዝሙር ሆኖ ወጣ። በዚያው ዓመት በኒውፖርት የሕዝብ ሙዚቃ በዓል ላይም ቀርበው ተጫወቱ። በዘመኑ እንዲህ ያለ ዕድል ያገኘ ሰው የተጠየቀውን ዘፍኖ ገንዘቡንና ጭብጨባውን ቢወስድ ማን ይወቅሰው ነበር? እርሳቸው ግን ገበያው በከፈተው በር ሲገቡ ወንጌልን ይዘው ገቡ።

የሮሊንግ ስቶንስ ልጆች በለንደን ሆነው እንዲህ ያሉ የአሜሪካ ሸክላዎችን እያደኑ ያደጉ ናቸው። በ1968 ያንን አልበም ሲሠሩ ወደ ቀደመው የብሉዝ ፍቅራቸው እየተመለሱ ነበር። ኪት ሪቻርድስ የእንጨት ጊታሩን በብሉዝ ሰዎች ቅኝት አስተካክሎ መታ፤ ሚክ ጃገርም የደቡብ ጥቁሮችን አነጋገር እየተከተለ ዘፈነ። የዘፈኑት የ1929ኙን ስሞታ አይደለም። ከመውጣት እስከ መመለስ ያለውን፣ ቄሱ ከተለወጡ በኋላ የጻፉትን ግጥም ነው። ቢሆንም አሥር ደቂቃ የሚጠጋው መዝሙር ከሦስት ደቂቃ በታች ሆነ።

የዚያን ዓመት የሜምፊስን ሁኔታ ማስታወስም ተገቢ ነው። ባንዱ በለንደን ስቱዲዮ አልበሙን መቅዳት በጀመረበት ሰሞን፣ በኤፕሪል 3 ቀን 1968፣ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ የመጨረሻ ንግግራቸውን በሜምፊስ አደረጉ። የተናገሩበት አዳራሽ «ሜሰን ቴምፕል» ይባላል፤ የቄስ ዊልኪንስ ቤተ ክርስቲያን የተሠራችበት የእምነት ክፍል ዋና አዳራሽ ነው። በማግሥቱ እዚያው ከተማ በጥይት ተገደሉ። የሜምፊስ ጥቁሮች ለሰውነታቸው ክብር እየደሙ ባሉበት ወራት፣ የአንድ የሜምፊስ ጥቁር መጋቢ መዝሙር በለንደን በነጭ ወጣቶች አፍ ይዘመር ነበር።

የተሰወረው ስም

አልበሙ ሲወጣ አንድ ሌላ ነገር ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ላይ የዘፈኑ ደራሲዎች ተብለው የተጻፉት ጃገርና ሪቻርድስ ነበሩ። የቄሱ ስም አልነበረም። በኋላ ስህተቱ ታርሞ የሮበርት ዊልኪንስ ስም በቦታው ገባ። የአልበሙ ሽፋን በአሳታሚዎቹ ተቃውሞ ምክንያት ተቀይሮ እንደነበር የታወቀ ነው፤ የመጀመሪያው በቆሻሻ ጽሑፍ የተሞላ የመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ፎቶግራፍ ነበር፤ የተተካው ነጭ የግብዣ ካርድ የሚመስል ሽፋን ነው። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ ያለውን ቁም ነገር የሽፋን ጭቅጭቅ አይሸፍነውም። ድሃው ሰው የጻፈው መዝሙር በባለ ጸጋው ስም ወጥቶ ነበር።

ይህን ስናነብ «እነዚያ ዓለማውያን» ብለን ለማለፍ አንቸኩል። የዜማውንና የግጥሙን ባለቤት ሳይጠይቁ መዝሙር መቅዳት በእኛም አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ የማይታወቅ ነገር አይደለም። «ለጌታ ክብር ነው» የሚለው ቃል የሰውን ድካም ለመውሰድ ፈቃድ አይሆንም። በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. ነው፤ አትስረቅ የሚለው ትእዛዝ ግን ከዚያ በፊት በሲና ተሰጥቷል። ለሠራተኛ ደመወዙ እንደሚገባው የሚያስተምር መጽሐፍ ይዘን የዘማሪን ስም ብንሰርዝ ምስክርነታችን ምን ይሆናል?

ለእኛ የሚለን ምንድን ነው?

በዚህ ታሪክ ፊት ሦስት ነገሮችን እንድናስብ እንወዳለን።

አንደኛው፣ ከሩቅ አገር የሚመለስ ሰው ባዶ እጁን ብቻ ሳይሆን ጣቶቹንም ይዞ እንደሚመጣ ነው። ዘፋኝ የነበረ ወንድም ወይም እኅት ወደ ጌታ ሲመጣ በጉባኤዎቻችን ሁለት ዓይነት ስህተት ይታያል። አንዳንዶቻችን በሳምንቱ መድረክ ላይ እናወጣዋለን፤ ስሙ ሕዝብ ይስብልናልና። አንዳንዶቻችን ደግሞ ዜማውን ስንሰማ የድሮውን ቤት እያሸተትን እናርቀዋለን። የቄስ ዊልኪንስ መንገድ ከሁለቱም ይለያል። በ1936 ከተመለሱ በኋላ ያ መዝሙር በሸክላ የተሰማው በ1964 ነው፤ በመካከሉ 28 ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት እግዚአብሔር ጣታቸውን አልቆረጠም፤ ልባቸውን ግን ሠራ። ልባቸው ሲሠራ ግጥሙ ተለወጠ። ዜማን የሚያጠምቅ ውኃ የለም፤ የሚለወጠው ሰው ነው፤ ሰው ሲለወጥ የሚዘምረው ይለወጣል።

ሁለተኛው፣ ስለ መመለስ መዘመርና መመለስ አንድ አለመሆናቸው ነው። የሮሊንግ ስቶንስን ልብ እኛ አንመረምርም፤ እርሱን የሚመረምር ጌታ አለ። ሆኖም በአንድ ሸክላ ላይ በአንደኛው ገጽ የዲያብሎስን ንግግር፣ በሌላው ገጽ የአብን አቀባበል በእኩል ጥበብ መዝፈን እንደሚቻል ታሪኩ አሳይቶናል። ይህ ለሮክ ዘፋኞች ብቻ የተነገረ ማስጠንቀቂያ አይደለም። ስለ ንስሓ እያለቀስን ልንዘምር፣ ስለ አባት ፍቅር ሕዝብን እያስለቀስን ልንሰብክ፣ እኛው ግን ገና ሩቅ አገር ልንሆን እንችላለን። ቃሉ እውነት ነው፤ እውነት መሆኑ ግን የተናጋሪውን እግር ወደ ቤት አያደርሰውም።

በሌላ በኩል ደግሞ ቃሉ እኛ ልንልከው በማንችልበት መንገድ ይሄዳል። ሐዋርያው ጳውሎስ ከእስር ቤት ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ክርስቶስ በማመካኘትም ሆነ በቅንነት ከተሰበከ ደስ እንደሚለው ተናግሯል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ረግጠው የማያውቁ እጅግ ብዙ ወጣቶች ስለሚሮጠው አባት የሰሙት ከዚያ አልበም ነው። አንድ የሜምፊስ ሽማግሌ በጊታራቸው የዘሩት ዘር የት የት እንደ ወደቀ የሚያውቀው የመከሩ ጌታ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ በቤት ውስጥ ላለነው ነው። የ1929ኙ ስሞታ ከዘፈኑ ወጣ፤ ከምሳሌው ግን አልወጣም። በሉቃስ 15 መጨረሻ ላይ «እንዲህ ተሁኖ አይኖርም» የሚለው ማን ነው? ከሩቅ አገር የመጣው አይደለም። ከእርሻ የተመለሰው ታላቁ ልጅ ነው። የሙዚቃውንና የጭፈራውን ድምፅ ሰምቶ ደጅ ላይ ቆመ። ያገለገለበትን ዘመን ቆጠረ፤ ያልተሰጠውን ጠቦት አነሣ፤ የወንድሙን ኃጢአት ዘረዘረ። ከቤት ሳይወጣ የስሞታን ዘፈን የሚዘፍን ልጅ እርሱ ነው።

ብዙዎቻችን በአገልግሎት ዓመታት ቆጥረናል። ልጆቻችን ከቤተ ክርስቲያን ርቀው የሚሰሙት ሙዚቃ ያሳስበናል፤ ማሳሰቡም ተገቢ ነው። ነገር ግን የራቀው ልጅ አንድ ቀን በራፍ ላይ ቢቆም የሚሰማው የትኛውን ዘፈን ነው? አባትየው ሲሮጥ የሚሰማውን የእግሩን ኮቴ ወይስ የታላቁን ልጅ ስሞታ? አባት ወደ ታናሹ ብቻ ሳይሆን ወደ ታላቁም ወጥቶ እንደ ለመነው አንርሳ። ምሳሌው ታላቁ ልጅ ይግባ አይግባ ሳይነግረን ያበቃል። መልሱ ለእኛ የተተወ ነው።

ቄስ ሮበርት ዊልኪንስ በሜይ 1987 በሜምፊስ በ91 ዓመታቸው አረፉ። ልጃቸው ጆን ዊልኪንስም በወጣትነቱ በሶል ሙዚቃ ጊታር ይመታ ነበር፤ በኋላ እንደ አባቱ የወንጌል አገልጋይ ሆኖ በሚሲሲፒ አንዲት ቤተ ክርስቲያን እየመራና በጊታሩ እየዘመረ ኖሮ በ2020 አረፈ። በ2010 ያወጣው አልበም ርዕስ እግዚአብሔርን ማስቸኮል አይቻልም የሚል ነው። ለጠፋ ልጅ በደጅ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ለሚጠብቁ ወላጆች ሁሉ ይህ ርዕስ ብቻውን ስብከት ነው።

የሰማዩ አባታችን ከአፋችን ስሞታን አውጥቶ የንስሓንና የምስጋናን ቃል ያኑርልን። በሩቅ አገር ላሉት ልጆቻችን መንገዱን ያሳያቸው፤ በቤት ላለነውም ወደ ግብዣው የምንገባበትን ልብ ይስጠን። አሜን።